ወንበሩ ራሱ ተነሳ

ጃንዋሪ 6፣ ሐሙስ

የኮንግረስ አባላችን አረፉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ስብሰባ ላይ ተኝተው ስላሳለፉ፣ መሞታቸው የታወቀው ለድምፅ ቆጠራ ሲቀሰቀሱ ነው። (ይሄን ያለችው እማዬ ናት። እኔ የጻፍኩት ብቻ ነው።)

አጎቴ ባርት ዜናውን የሰማው እኛ ቤት ራት ላይ ነው። በቀኝ እጁ አማተበ፣ በግራው ስልክ አነሳ። የእማዬ ወንድም ነው። የአባዬን ምርጫዎች ሁሉ የመራው እሱ ነው። በሕይወቱ ሌላ ሥራ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ በቤተሰባችን ውስጥ እርግጠኛ ሰው የለም።

«ሬይ» አለ፣ «ወንበሩ ባዶ ሆኗል።»

አባዬ ድንቹን እያኘከ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ይሄ «እኔ እንኳን አልተመኘሁም» የሚለው ፊቱ ነው። መስታወት ፊት ሲለማመደው ይዤዋለሁ።

«ከተማውስ?» አለ።

«ከተማው አሥራ ሁለት ዓመት ከንቲባ አድርጎ ችሎሃል። ይበቃዋል፣ ምን በደለ?»

«ዋሽንግተን በመኪና አራት ሰዓት ነው» አለች እማዬ። እኔ ሌላ ድንች አነሳሁ።

ጃንዋሪ 8፣ ቅዳሜ

የመንዳት መለማመጃ ፈቃድ አገኘሁ!!! ከጎኔ አዋቂ ሰው እስካለ ድረስ መንዳት እችላለሁ። አዋቂ ሲሉ ዕድሜውን ነው፣ ጠባዩን አልጠየቁም። ስለዚህ አባዬ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ በሁለት መኪኖች መሃል በኋላ ማርሽ ገብቶ ማቆም። ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አባዬ «ሎሬታ፣ እዚሁ መሃል መንገድ ላይ ትተነው እንሂድ፣ እኔ ከንቲባ ነኝ» አለ።

ጃንዋሪ 12፣ ረቡዕ

ምርጫው ማርች 15 ነው። አጎቴ ባርት የአባዬን የሕይወት ታሪክ ለበራሪ ወረቀት እየጻፈ ነው። ሰኞ አባዬ «የትራም ሹፌር ልጅ፣ ከሦስት ወንድሞቹ ጋር በአንድ ክፍል ያደገ» ነበር። ትናንት ወንድሞቹ አምስት ሆኑ። ዛሬ ትራም ውስጥ ተወለደ።

አባዬ አንድ እህት ብቻ ነው ያለችው። የራሷ ክፍል ነበራት።

እውነተኛው ታሪክ ይሄ ነው፦ የቆሻሻ መኪና ላይ ሠራ፣ የምክር ቤት አባል ሆነ፣ ከዚያ አንድ ክረምት የድሮው ከንቲባ ፍሎሪዳ ሄዶ ሲዋኝ ከተማው በረዶ ውስጥ ተቀበረ። አባዬ አካፋ ይዞ ወጥቶ ፎቶ ተነሳ። አካፋው ባዶ እንደነበር ፎቶው ላይ በግልጽ ይታያል። ሕዝቡ ግን መረጠው። ከዚያ ወዲያ እውነትም ይጠርጋል፣ ያንን መካድ አይቻልም። በረዶ ሲጥል ቤት አይገባም።

የቅድመ ምርጫ ጥናቱ ቁጥር ዛሬ፦ አባዬ በአሥራ አራት ነጥብ ይመራል። ተቃዋሚው ዶክተር ፔንሮዝ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው። ከጥርሱ በቀር ስለ እሱ የሚታወቅ ነገር የለም።

ጃንዋሪ 18፣ ማክሰኞ

በረዶ። እስከ ጉልበት። ትምህርት የለም። አባዬ ከትናንት ጀምሮ መጥረጊያ መኪኖቹ ላይ ነው፣ አልተኛም። ለካልሲ ደወለ። ላደርስለት ነው። በትራም። ቻው።

ጃንዋሪ 19፣ ረቡዕ

ስለ ትናንት ምሽት ብዙ የሚጻፍ የለም።

አባዬን ማዘጋጃ ቤት አገኘሁት፣ ካልሲውን ቀየረ፣ በእሱ መኪና አብረን ተመለስን። ጋቢና ውስጥ አፉን ከፍቶ መንገዱን ሙሉ አንኮራፋ። ሠፈራችን ውስጥ ማቆሚያ አልነበረም። በየሁለቱ መኪና መሃል ጠባብ ጠባብ ቦታ ብቻ። ከዚያ ሰፊ ቦታ ተገኘ። ወንበሩ ተነሳ። መኪናው ቆመ። ራት ተበላ።

ይኸው ነው።

ጃንዋሪ 20፣ ሐሙስ

ይኸው አይደለም።

እዚህ ከተማ መንገድ ዳር ያለን በረዶ በአካፋ የዛቀ ሰው፣ ያጸዳው የመኪና ማቆሚያ ቦታ የሱ ነው። መሃሉ ላይ የወጥ ቤት ወንበር ያስቀምጣል፣ አለቀ። ሕግ አይደለም። ሕግ ቢሆንማ ሰው ይጥሰው ነበር። ቄስ የሰው ወንበር አያነሳም። ሌባ የሰው ወንበር አያነሳም።

የተነሳው ወንበር የጎረቤታችን የወይዘሮ ሆርቫት ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ በረዶውን ራሳቸው ናቸው የሚዝቁት። መኪና እንኳ የላቸውም! ባላቸው ስቴቮ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ፣ መኪናው ተሸጠ። ሴትየዋ ግን በየክረምቱ ይዝቃሉ፣ አረንጓዴውን የስቴቮን ወንበር ያስቀምጣሉ፣ ይገባሉ።

ወንበሩ እግረኛ መንገድ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት የቆሻሻ መኪና መጣ። ቆሻሻ መስሎት ወሰደው። የከተማው ቆሻሻ መኪና። የአባዬ።

ጋዜጣው የፊት ገጹ ላይ የአባዬን መኪና አወጣው፣ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ርቆ፣ አፍንጫው ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞሮ። ርእሱ፦ «ለወንበር የሚወዳደሩት ከንቲባ የአሮጊቷን ወንበር አነሱ።»

አጎቴ ባርት ጋዜጣውን እያርገበገበ ገባ። «ሬይ! አንተ አይደለህም በለኝ!»

አባዬ እኔን አየኝ። እኔ ወተቴን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ።

ጃንዋሪ 21፣ ዓርብ

አጎቴ ባርት መግለጫ ጻፈ። ጠበቃ አይቶታል፣ ብልህ መግለጫ ነው፦ «በማክሰኞው ምሽት ወንበሩ ከቦታው ተነስቷል።» ማን እንዳነሳ አይልም።

አባዬ በቴሌቪዥን አነበበው። አንዲት ጋዜጠኛ እጇን አወጣች።

«ክቡር ከንቲባ፣ ወንበሩ ራሱ ነው የተነሳው?»

«ማለት... ተነስቷል።»

«ደክሞት ነው?»

ሠፈሩ በሙሉ በግድግዳ በኩል ሲስቅ ተሰማን። ትምህርት ቤት ዛሬ ክፍል ስገባ ሁሉም በአንድ ላይ ወንበራቸውን ከፍ አደረጉ። ሰገድኩላቸው። ምን ላድርግ?

ጃንዋሪ 25፣ ማክሰኞ

አባዬ ወይዘሮ ሆርቫት ቤት ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፣ እኔን ጎትቶ። አጎቴ ባርት ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ቀይ ከፋይ የለበሰ ወንበር አስይዞናል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሆርቫት በሩን ሳይከፍቱ፣ በመስኮት።

«ስጦታ ነው፣ ወይዘሮ ሆርቫት። በጣም ይቅርታ...»

«ጳጳስ አልጠብቅም። መልሰው።»

«ከልቤ ነው። እኔ እኮ እዚህ ሠፈር ተወልጄ...»

«ትራም ውስጥ ነው የተወለድከው፣ ወረቀትህ ላይ አንብቤዋለሁ። እንግዲያው ስትወለድ ሆስፒታል ሄጄ ያየሁት ያ ትልቅ ጆሮ የማን ነበር?»

ከዚያ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ። «አንቺስ፣ የምትይው ነገር የለሽም?»

«ደህና ይዋሉ» አልኩ።

ቁጥሩ፦ ዘጠኝ ነጥብ።

ፌብሩዋሪ 3፣ ሐሙስ

አባዬ የቆሻሻ መድፊያውን አስፈተሸ። ሃያ ሰው፣ ሁለት ቀን። ሰባት አረንጓዴ ወንበር ተገኘ። ጋራዣችን ውስጥ በረድፍ ተደረደሩ፣ ልክ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርጣሪ እንደሚደረደር። ወይዘሮ ሆርቫት መነጽራቸውን አድርገው በፊታቸው አለፉ።

«ይሄ አይደለም። የኔ ሦስት እግሩ ብቻ ነው ልክ፣ ይሄ አራቱም ልክ ነው። ይሄ ደግሞ አረንጓዴ ነው የተባለው በማን ነው? ይሄ... ውይ፣ ይሄን የመሰለ ወንበር ማን ጣለው? ሰው ጠግቧል።»

«የእርስዎ ነው?» አለ አባዬ በጉጉት።

«የኔ አይደለም። ግን እወስደዋለሁ።»

ሰባቱንም ወሰዱ። የሳቸው የለበትም። እኔና አባዬ ነን የተሸከምነው።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሐሙስ

ዶክተር ፔንሮዝ አዲስ ማስታወቂያ አወጣ። የወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በዚያ ሁሉ ጥርሱ ይስቃል፦ «እኔ የምቀመጠው በራሴ ላይ ነው።» ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልገባውም፣ ግን ሁሉም ይደግመዋል።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሰዎች ወንበር ጥለው ይሄዳሉ። ዛሬ ስልሳ አራት ደረሰ። አንዱ የሕፃን መጸዳጃ ወንበር ነው።

ቁጥሩ፦ አራት ነጥብ። ስሰማ ሁለት ሳህን ሾርባ በላሁ። አጋጣሚ ነው።

ፌብሩዋሪ 16፣ የአመድ ረቡዕ

የጾም መግቢያ ነውና ግንባራችን ላይ አመድ ተቀብተን ወጥ ቤት ተቀመጥን፣ እኔና አባዬ ብቻ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«ምን ብለሽ?»

«ያው።»

«ያው ካልሽ ከንቲባው ተኝቶ ነበር ይላሉ። የፊተኛው ሰውዬ ተኝቶ ነው የሞተው፣ ሕዝቡ ሁለተኛ የሚተኛ አይመርጥም። ወንበር የሚያነሳ ይሻላል። ቢያንስ ነቅቷል።»

«እና ብትሸነፍስ?»

«ብሸነፍ እሸነፋለሁ። አንቺ ዝም በይ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ እዚህ ከተማ ወንበር ያነሳች ልጅ ተብለሽ ስልሳ ዓመት ትኖሪያለሽ። እኔን ግን ሰድበው ይረሱኛል፣ ለምጄዋለሁ።»

ዝም በይ ያለኝ እሱ ነው። ይሄ ይመዝገብልኝ።

እና ቢሸነፍ ቤት ይቆያል። ይሄን የጻፍኩት ለመረጃ ያህል ነው። ከንቲባ ሆኖ ይቀጥላል፣ ራት ላይ ያልተጠየቀውን ንግግር ያደርጋል፣ ጠዋት እየዘፈነ ይላጫል፣ ውሸቱን ቁጭ ብዬ አርመዋለሁ። መረጃ ነው።

ፌብሩዋሪ 25፣ ዓርብ

እንደገና በረዶ። ወይዘሮ ሆርቫት ዛቁ። ከሰባቱ አንዱን አስቀመጡ። ላግዛቸው ብዬ ወጣሁ።

«ሂጂ፣ ጀርባሽን ያምሻል» አሉኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው!

ቁጥሩ፦ እኩል ለእኩል። እኔ መጥፎ ልጅ አይደለሁም።

ማርች 4፣ ዓርብ

ደረጃው ላይ ሆኜ የሰማሁት፦

እማዬ፦ «ለምን አትናገርም? ማን እንደነዳ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ድመቷም ታውቃለች።»

አባዬ፦ «ይቅር በቃ።»

እማዬ፦ «ሬይ፣ ይሄን ነገር እኮ ከወጣትነትህ ጀምሮ ነው የፈለግኸው። ስንጋባ ምን አልከኝ? ዋሽንግተን እወስድሻለሁ አላልከኝም?»

አባዬ፦ «ወስጄሻለሁ። ለሽርሽር።»

ከዚያ አባዬ «ብቻ አንድ ቀን እዚያ ስሜ ሲጠራ ‹አለሁ› ማለት እፈልግ ነበር» አለ። እንደ ንግግሩ አይደለም ያለው። ቀስ ብሎ ነው።

አንድ ነጥብ ይመራል፣ ሐኪሙ። ራት አልበላሁም። ሾርባው ጨው በዝቶበት ነው።

እኔ መጥፎ ልጅ አይደለሁም።

ማርች 8፣ ማክሰኞ

አባዬ በወይዘሮ ሆርቫት የፖስታ ቀዳዳ በኩል ይቅርታ ጠየቀ። ተንበርክኮ። ፎቶ ተነሳ። የፎቶው ሰፊ ክፍል መቀመጫው ነው።

ማርች 11፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በጾም ዓርብ ሁሉም ሰው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወርዶ የዓሣ ጥብስ ይበላል። ዓሣው ከዳቦው በሁለት በኩል ይወጣል። ፖለቲከኛ ሁሉ ይመጣል፣ ዓሣ ባይወድም። የዛሬው ከምርጫው በፊት የመጨረሻው ነው፣ አራት መቶ ሰው ነበር። ወይዘሮ ሆርቫት ከፊት ተቀምጠዋል። አባዬ ማይክሮፎን ያዘ። ማይክሮፎኑ አፏጨ።

«ወይዘሮ ሆርቫት፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለአምስተኛ ጊዜ...»

«ስድስተኛህ ነው» አሉ። «በፖስታ ቀዳዳ ያልከውንም ቆጥሬዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። ያ እንኳ ደህና ነበር። ከኋላ ግን አንድ ኮፍያውን የደፋ ሰውዬ ተነሳ።

«የሞተ ሰው ወንበር ጥሎ ዓሣ ይበላል! አታፍርም፣ ሬይ ስቶፕካ?»

ማንም አልሳቀም። አባዬ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። አባዬ! ለጥርስ ብሩሹ ንግግር የሚያደርግ ሰው! ማይክሮፎኑን እንደያዘ ወለሉን አየ፣ ሰማሁት፣ አፍንጫው ሲተነፍስ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። እንዲያ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ።

ሹካዬን እንደያዝኩ ተነሳሁ። ሹካው ላይ ዓሣ ነበረ።

«ወንበሩ አልተነሳም!» አልኩ። ድምፄ እንደ ማይክሮፎኑ አፏጨ። «ማለቴ፣ ራሱ አልተነሳም። እኔ ነኝ ያነሳሁት። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። አባዬ ሁለት ቀን ሳይተኛ በረዶ ሲያስጠርግ ቆይቶ ጋቢና ውስጥ እያንኮራፋ ነበር። ሌላው ቦታ ጠባብ ነው፣ እኔ ደግሞ የኋላ ማርሽ አልችልም!»

አጎቴ ባርት ግንባሩን ጎመን ሰላጣው ላይ አሳረፈ።

ወይዘሮ ሆርቫት አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«በመስኮት አይቼሻለሁ። ወንበሩን እንደ ሕፃን አቅፈሽ ነው ያወረድሽው። እንዲያ ያቆመ መኪና ደግሞ የትራም ሹፌር ልጅ ያቆመው ሊሆን አይችልም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» ይሄን የጮኸው አጎቴ ባርት ነው፣ ግንባሩ ላይ ጎመን እንዳለ።

«ምን ብዬ ልናገር? ስድስት ዓመት ሙሉ በሬን ያንኳኳው ፖስተኛው ብቻ ነው። ዘንድሮ ከንቲባው አምስት ጊዜ መጣ፣ ጋዜጠኛ መጣ፣ ቄሱ መጡ፣ የጥርስ ሐኪሙ መጥቶ መንጋጋዬን አየልኝ፣ ሰባት ወንበር ቤቴ ገባ። እኔ ምን ቸገረኝ? እሷ ራሷ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ።»

ወደ እሳቸው ሄድኩ። «ወይዘሮ ሆርቫት፣ የጋሽ ስቴቮን ወንበር ስላስጣልኩ ይቅርታ» አልኩ። ቀልድ ልጨምርበት አስቤ ነበር፣ አልመጣልኝም።

«ያ ወንበር ቂጥ ይቆነጥጥ ነበር» አሉ፣ እጄን ይዘው። ቶሎ አልለቀቁኝም።

ያኔ ባለ ኮፍያው ሰውዬ እንደገና ተነሳ። «ቆይ፣ ቆይ። እንዲህ የምትነዳ ልጅ ጎን፣ በዚያ በረዶ፣ ተኝቶ መጣ?»

«አዎ» አልኩ።

«ይሄማ ጀግና ነው! እሱን ነው የምመርጠው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባዬ አልሳቀም። እኔን ነበር የሚያየው።

ማርች 12፣ ቅዳሜ

ጋዜጣው፦ «ወንበሩን ሰው ነው ያነሳው።» አጎቴ ባርት በራሪ ወረቀቱን አራተኛ ጊዜ ጻፈ፤ አሁን አባዬ ልጁን ለማዳን ትራም ፊት የቆመ ይመስላል። እማዬ መለማመጃ ፈቃዴን ወስዳ መድኃኒት ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ማርች 15፣ ማክሰኞ

በሦስት መቶ አሥራ ስምንት ድምፅ አሸነፈ።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ተቃቀፈ፣ ሁሉም አለቀሰ፣ አጎቴ ባርት ምሰሶ አቀፈ። አባዬ ከመድረክ ወርዶ አነሳኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነኝን ሰው።

«ደስ አላለሽም?»

«አለኝ እንጂ።»

ከዚያ ናፕኪን ልፈልግ ዕቃ ቤት ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ፈለግኩ። ናፕኪን ጠፋ።

ማርች 16፣ ረቡዕ

ወይዘሮ ሆርቫት ደጃቸው ላይ ጨው ይበትናሉ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ። «እኔ የጥርስ ሐኪሙን ነው የመረጥኩት።»

«እንዴ! ይቅር ብለውን የለ?»

«ይቅር ስላልኩት ነዋ። ቂም ይዤ ቢሆን ኖሮ ዋሽንግተን ሂድልኝ ብዬ እመርጠው ነበር።»

አብረን ጨው በተንን።

ማርች 24፣ ሐሙስ

አባዬ ከዋሽንግተን ደወለ። የማለው ማክሰኞ ነው፣ በቴሌቪዥን አይተነዋል፣ ክራባቱ ጠማማ ነበር።

«ስምህ ተጠራ?» አልኩት።

«ተጠራ። ‹ስቶምፕካ› ብለው።»

«አንተስ?»

«አለሁ አልኩ።»

ከኋላው ምንም ድምፅ የለም፣ ሰው የለም፣ የሚጮህ የለም።

«ሎሬታ፣ እዚህ እኮ አራት መቶ ሠላሳ አምስት ነን። ዛሬ ሙሉ ቀን ኮሪደር ለኮሪደር ስዞር ዋልኩ፣ አንድም ሰው አልሰደበኝም። ሁሉም ‹እንደምን ዋሉ› ይሉኛል፣ ያልፋሉ። እዚያ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ ስንት ሰው ነበር የሚቆጣኝ!»

«ጠብቅ» አልኩት። «እንዳትዘጋው።»

ጫማዬን ሳላጠልቅ ወጥቼ የወይዘሮ ሆርቫትን በር ደበደብኩ። መጎናጸፊያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንተ ሬይመንድ! ዳቦ ቤቱ ፊት ያለው ጉድጓድ ምን ሆነ? ቄሱ ገብተው ወጡበት! ያንን የትራፊክ መብራት ማን ነው አረንጓዴ ላይ ያስተኛው? ዝም በል፣ እየተናገርኩ ነው። ክራባትህን ማን አሰረልህ፣ ሌባ ነው? ጎረቤት የሌለው ሰው መሰልክ...»

ሩብ ሰዓት አላቆሙም። ጆሮዬን ከስልኩ ጋር አስጠጋሁ። አባዬ ይስቅ ነበር መሰለኝ። ወይ ሌላ ነገር ነው፤ መስመሩ ጥሩ አልነበረም።